«አምስት ዓመቱ ነው» የተባለው ፈረስ

ጓደኛዬ «ገዝተን፣ ገርተን፣ አትርፈን እንሸጠዋለን» ብሎ አንድ ፈረስ ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ሲያዩት ልብ ይሰርቃል። ሻጩም «አምስት ዓመቱ ነው፣ ዛሬውኑ ይጋለባል» አለን።

አብሮን የመጣው የእንስሳት ሐኪም ምንም ሳይናገር የፈረሱን ከንፈር ገለጥ አደረገ። መሃል ላይ ያሉት ጥርሶች ትልልቅ ናቸው፣ ገና ብቅ ያሉ። ጎንና ጎናቸው ያሉት ግን ትንንሽ፣ ነጫጭ የወተት ጥርሶች። ቢበዛ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው!

ሒሳቡ ሁሉ ተገለባበጠ። የፈረስ አከርካሪ አጥንት አድጎ የሚጨርሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። አሁን በኃይል ቢጋለብ ይጎዳል። እስኪጠና ይቆይ ቢባል ደግሞ ድርቆሹ፣ ሰኮና ማስከርከሙ፣ ሕክምናው ኪስ ያራቁታል። መሃል ላይ ካነከሰስ ማን ይገዛዋል?

ጓደኛዬ አሁንም «ርካሽ ነው እኮ» እያለ ይደውላል። እስኪ መጀመሪያ ቀለቡን ደምርና ደውልልኝ አልኩት።