38 አመት አስተምሬ ፋይሌ ውስጥ 8 አመት ብቻ የተገኘበት ነገር እና እንዴት እንዳስተካከልኩት

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ጠመኔ ይዛችሁ ላላችሁ መምህራን። ይሄን የምጽፈው ባለፈው አመት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በየቀኑ የሚደውሉልኝ የስራ ባልደረቦቼ ስለበዙ ነው፣ ሁሉም የሚጠይቀኝ አንድ አይነት ጥያቄ ነው፣ "አገልግሎትሽን ለጡረታ እንዴት አስቆጠርሽው?" ስለዚ አንዴ በደንብ ልጻፈውና የፈለገ ያንብበው ብዬ ነው።

እኔ ከደብረ ብርሃን ቲቲአይ (የመምህራን ማሰልጠኛ ተቋም) ተመርቄ የተቀጠርኩት መስከረም 1979 ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ገጠር ነበር የተመደብኩት፣ ደሞዜ 230 ብር። እዛው አካባቢ 3 ትምህርት ቤት እየተዘዋወርኩ 15 አመት አስተማርኩ። 1993 መጨረሻ ላይ ባለቤቴ ስራው ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር እኔ ዝውውር ጠይቄ ጠይቄ እምቢ ሲሉኝ ለቅቄ መጣሁና አንድ የግል ትምህርት ቤት ገባሁ። እዛ እስከ ሰኔ 2008 ቆየሁ። መስከረም 2009 ደግሞ በስራ ልምድ ተወዳድሬ ተመልሼ የመንግስት ትምህርት ቤት ገባሁ፣ ጡረታ የወጣሁትም ከዛው ነው፣ ጥር 2017 ላይ 60 ሲሞላኝ። ሲደመር 38 አመት ከ5 ወር ክፍል ውስጥ ማለት ነው። በነዚህ ሁሉ አመታት ውስጥ አንድም ቀን ስለ ጡረታዬ አስቤ አላውቅም፣ ያው መንግስት ያውቃል፣ ከደሞዜ እየተቆረጠ ነው፣ ሲደርስ ይሰጡኛል ነው የምለው።

ያነቃኝ የአንድ ባልደረባችን ነገር ነው። በጣም ጎበዝ የሂሳብ መምህር ነበር፣ ሸኘነው፣ ኬክ ቆረስን፣ ጋቢ አለበስነው፣ ከዛ 7 ወር ሙሉ አበል ሳያገኝ ቀረ፣ ፋይሉ ስላልተሟላ። መምህራን ማረፊያ ክፍል መጥቶ ቁጭ ብሎ ሲያወራን ድምጹ ይንቀጠቀጥ ነበር። በነጋታው ቀጥታ የሰው ሀብት ሄጄ ፋይሌን አሳዩኝ አልኩ። ሐምሌ 2015 ነው ይሄ፣ ጡረታዬ ሊደርስ አመት ከመንፈቅ ሲቀረው።

ፋይሌ ውስጥ የተገኘው የ2009 ቅጥር ደብዳቤ፣ ከዛ ወዲህ የተሞላ የህይወት ታሪክ ፎርም፣ የደረጃ እድገት ደብዳቤዎች፣ እና ከድሮ ወረዳዬ ያመጣሁት የስራ ልምድ ፎቶኮፒ ነው። በቃ። የሰው ሀብቷ ልጅ ቆጥራ ቆጥራ "እትዬ፣ እስከሚወጡ ድረስ ቢደመር በዚህ ፋይል 8 አመት ከ5 ወር ነው የሚኖርዎት" አለችኝ። የስራ ልምዱስ? አልኳት፣ 15 አመት ይላል እኮ። እሷም ተረጋግታ አስረዳችኝ፣ የስራ ልምድ ማለት ለመቀጠርና ለደረጃ ነው የሚያገለግለው፣ ለጡረታ ግን የተቀጠርሽበት ቀን፣ የለቀቅሽበት ቀን፣ በቋሚነት መሆኑ፣ እና የጡረታ መዋጮ መቆረጡ በሰነድ መታየት አለበት። የኔ ወረቀት ላይ ደግሞ "በመምህርነት 15 ዓመት አገልግለዋል" ብቻ ነው የሚለው፣ ቀን የለው፣ ስለ ጡረታ አንድ ቃል የለው።

እዚ ላይ ለማያውቅ ሰው ልግለጽ ምክንያቱም ትልቁ ነገር ይሄ ነው። አሁን የሚሰራበት የመንግስት ሰራተኞች ጡረታ አዋጅ 1267/2014 ነው። 60 አመት ሞልቶህ የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 አመት አገልግሎት ያስፈልጋል። ከ10 በታች ከሆነ ዳረጎት ነው የሚሰጥህ፣ ዳረጎት ማለት ደግሞ አንዴ ተቀብለህ የምታበቃው ገንዘብ ነው፣ በየወሩ የሚመጣ ነገር የለም። እንግዲህ አስቡት፣ 38 አመት ያስተማረች ሴት በ8 አመት ከ5 ወር ዳረጎት ይዛ ቤቷ ልትገባ ነው። የዛን ቀን ታክሲ ውስጥ እያለቀስኩ ነው ቤቴ የገባሁት፣ ልጄ ምን ሆንሽ ብትለኝ ማስረዳት ራሱ አቃተኝ።

በነጋታው ግን ደብተር አወጣሁና እንደ ትምህርት እቅድ ቁጭ ብዬ በአመት በአመት ጻፍኩት፣ የት ነበርኩ፣ ማን ነበር የሚከፍለኝ፣ ምን ማስረጃ አለኝ። ይሄን ሁላችሁም ዛሬ ማታ አድርጉት በናታችሁ። እኔ ስጽፈው 3 ክፍል ሆነ፣ የድሮው 15 አመት፣ የግሉ 15 አመት፣ እና የአሁኑ።

መጀመሪያ የድሮውን ልፈልግ ሄድኩ። ከላምበረት መናኸሪያ ተሳፍሬ ደብረ ብርሃን አድሬ በማግስቱ ወደ ወረዳው። ችግሩ ምንድነው፣ እኔ ስቀጠር የቀጠረኝ አውራጃ ነበር፣ አውራጃ የሚባል ነገር ደግሞ ከደርግ በኋላ ቀርቷል፣ ፋይሎቹ ለየወረዳው ሲከፋፈሉ ግማሹ አንዱ ጋ ግማሹ ሌላው ጋ ቀርቷል። የመጀመሪያው ወረዳ "የለም" አሉኝ፣ ኮምፒውተር እንኳን ሳያዩ ነው የለም ያሉኝ። ሁለተኛው ወረዳ መዝገብ ቤት ውስጥ አንድ በእድሜ የገፉ ሰውዬ አሉ፣ ጋሼ አልኳቸው፣ ቁጭ ብዬ ታሪኬን ነገርኳቸው፣ "መምህርት፣ እኔም የመምህር ልጅ ነኝ፣ ነገ ጠዋት ነይ" አሉኝ። በነጋታው ቁልፍ ይዘው ወደ ጓሮ መጋዘን ወሰዱኝ። በሲባጎ የታሰረ ክምር እስከ ጣሪያ፣ ጠርዙ አይጥ የበላው፣ አቧራው አይን አይገልጥም። 2 ቀን ሙሉ ነጠላዬን አፌ ላይ አስሬ አብሬያቸው ፈለግኩ።

የግል ማህደሬን አገኘነው፣ ግን ውስጡ የቅጥር ደብዳቤው የለም። እሳቸው ናቸው ዘዴውን የነገሩኝ፣ ደብዳቤው ባይኖር የደሞዝ መክፈያ ሊስቱ ይኖራል፣ ፔሮል ማለት ነው፣ እሱ ገንዘብ ጽህፈት ቤት ነው ያለው። ሄድን። የ1979ን ሊስት ስናገላብጥ በእጅ የተጻፈ ስሜ፣ ደሞዝ 230.00፣ ጡረታ የሚለው ኮለም ላይ 9.20፣ ጫፉ ላይ የኔ ፊርማ፣ ያኔ በሰፊው የምፈርማት። ያኔ ከኛ የሚቆረጠው 4 ፐርሰንት ነበር። ያቺን 9 ብር ከ20 ሳንቲም ሳይ የተሰማኝን ልነግራችሁ አልችልም። በ22 አመቴ ጭቃ ረግጬ 3 ሰአት ተጉዤ የወሰድኳት ደሞዝ ናት። ለካ እየቆጠረችልኝ ነበር።

ከዛ ወረዳው ደብዳቤ እንዲጽፍልኝ ሳስረቅቅ እኔው ራሴ ምን ምን መግባት እንዳለበት በወረቀት ጽፌ ሰጠሁ፣ ይሄን አድርጉ፣ ጸሀፊዋ በለመደችው ፎርማት ከጻፈችው "አገልግለዋል" ብላ ትዘጋዋለች። የኔ ደብዳቤ ላይ የገባው የቅጥር ቀን፣ ወር፣ አመተ ምህረት፣ በቋሚነት፣ በየጊዜው የነበረኝ ደሞዝ፣ የጡረታ መዋጮ መቆረጡ፣ የለቀቅኩበት ቀንና ምክንያት፣ እና ስለቅ የመዋጮ ተመላሽ አለመውሰዴ። የመጨረሻዋን አዲስ አበባ ያለችው ልጅ ናት አስገቢ ያለችኝ፣ ምክንያቱም ያኔ ለቀው ሲሄዱ የራሳቸውን መዋጮ የወሰዱ ሰዎች አሉ። እኔ ያልወሰድኩት አውቄ አይደለም፣ እንደዛ የሚባል ነገር መኖሩን ስላልሰማሁ ነው፣ ግን ያ አለማወቅ 15 አመቴን አተረፈልኝ። ደብዳቤው ደግሞ በግለሰብ እጅ ሳይሆን መስሪያ ቤት ለመስሪያ ቤት መሆን አለበት አሉኝ፣ በታሸገ ፖስታ፣ በቁጥር ወጪ ሆኖ። የወጪ ቁጥሩንና ቀኑን ደብተሬ ላይ ገለበጥኩ፣ በኋላ አዲስ አበባ "አልደረሰንም" ሲሉኝ ያቺ ቁጥር ናት ያዳነችኝ።

ቀጥሎ የግሉ። እዚ ላይ ነው ልቤ የተሰበረው። ከ1994 እስከ 2003 ያስተማርኩት አልተቆጠረም፣ አይቆጠርምም። የግል ድርጅት ሰራተኛ ጡረታ የመጣው በአዋጅ 715/2003 ነው፣ ከዛ በፊት ለግል ትምህርት ቤት መምህር መዋጮ የሚባል ነገር አልነበረም፣ እኛ ጋ ፕሮቪደንት ፈንድም (አሰሪና ሰራተኛ በጋራ የሚያስቀምጡት ቁጠባ) አልነበረም። ወደ 10 አመት የሚጠጋ፣ በጣም ጠንክሬ ያስተማርኩበት ጊዜ፣ ዶክተርና ኢንጂነር የሆኑ ልጆች ያወጣሁበት ጊዜ ለጡረታ ዜሮ ነው። ይሄ ያናድደኛል፣ አሁንም ያናድደኛል፣ ግን የማይሆን ነገር ላይ ጊዜዬን ላለማጥፋት ወሰንኩና ከ2004 ጀምሮ ያለውን ያዝኩ። ምክንያቱም በግልም በመንግስትም ይሁን መዋጮ የገባበት አገልግሎት ይደመራል፣ ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም፣ ከግል ወደ መንግስት ሲገባ ከዜሮ የሚጀምር ይመስለዋል።

2004 እስከ 2008፣ 5 የትምህርት አመት። 5 አመት ብዬ ሄድኩ፣ የወጣልኝ 4 አመት ከ2 ወር ነው። ለምን? ትምህርት ቤቱ (ስሙን አልጠራም) ኮንትራታችንን ከመስከረም እስከ ሰኔ ነበር የሚያስፈርመን፣ ሐምሌና ነሐሴ ደሞዝ የለም፣ ደሞዝ ከሌለ መዋጮ የለም፣ መዋጮ ከሌለ አገልግሎት የለም። ያኔ ስንፈርም የክረምቱ ደሞዝ ነበር የሚቆጨን፣ ጡረታዬም አብሮ እየተቆረጠ መሆኑን ማን አሰበ? በአመት 2 ወር፣ በ5 አመት 10 ወር። የግል ትምህርት ቤት ያላችሁ ልጆች፣ እባካችሁ ኮንትራት ስትፈርሙ ይቺን እዩ፣ 30 አመት እንዲህ የሰራ ሰው 5 አመት ነው የሚያጣው።

በዛ ላይ ከ2006 ውስጥ የ4 ወር መዋጮ ገቢ አልተደረገም ነበር፣ ከኛ ተቆርጧል ግን አልገባም። እኔ ደግሞ ፔይ ስሊፕ አልጥልም፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጣለሁ፣ ባለቤቴ ሁሌ ይቆጣኝ ነበር ይሄን ወረቀት አቃጥይው እያለ። 4ቱንም ወር አወጣሁ፣ የጡረታው ቅናሽ በግልጽ ይታያል፣ ኮፒ አድርጌ የግል ድርጅት ሰራተኞች ማህበራዊ ዋስትና ጋ አመለከትኩ፣ ለትምህርት ቤቱ ተጻፈበት፣ ከወራት በኋላ ከፈሉ። ኦሪጅናሉን ለማንም እንዳትሰጡ፣ አሳይታችሁ ኮፒውን ነው የምትተዉት።

የሰው ምስክር ላምጣ ብዬም ሞክሬ ነበር በመሃል፣ አብረውኝ የሰሩ ዳይሬክተር በህይወት አሉ፣ ሰነድ ነው የምንፈልገው አሉኝ። እድሜም እንደዛው ነው፣ መጀመሪያ ስትቀጠሩ የሞላችሁት ነው የሚያዘው። አንዷ ጓደኛዬ በኋላ ያወጣችውን የልደት ሰርተፍኬት ይዛ ብትሄድ አልሰራላትም።

ሁሉም ተደምሮ 27 አመት ከ7 ወር ሆነ። ስሌቱን ራሴ ሰራሁት፣ ቀላል ነው፣ ለመጀመሪያው 10 አመት 30 ፐርሰንት፣ ከዛ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ አመት 1.25 ፐርሰንት፣ ጣሪያው 70። የኔ 17 አመት ከ7 ወር ትርፍ አለው፣ እሱ 22 ፐርሰንት ገደማ ይመጣል፣ ከ30 ጋር 52። 38ቱም አመት ቢቆጠር ኖሮ ከ65 በላይ ነበር። ፐርሰንቱ የሚባዛው ደግሞ ከመውጣትሽ በፊት ባለው የ3 አመት አማካይ ደሞዝ ነው፣ የመጨረሻው ወር ደሞዝ አይደለም፣ የቤት አበልና የማታ ትምህርት ክፍያም አይገባበትም። ስለዚ የደረጃ እድገታችሁ ከመሪ መምህርም ይሁን ከየትኛውም ወደሚቀጥለው የሚደርስ ከሆነ ፋይሉን አስገብታችሁ ዝም አትበሉ፣ ልትወጡ 3 ወር ሲቀር ቢጸድቅላችሁ አማካዩ ላይ የሚጨምረው ትንሽ ነው። እኔ የመጨረሻዋ እድገቴ 8 ወር ዘግይታብኛለች፣ የእያንዳንዱን ወር ልዩነት እስክሞት ነው የምከፍላት።

የጡረታ ደብዳቤዬ ከመውጣቴ 3 ወር ቀድሞ ነው የደረሰኝ። በዛን ጊዜ ብጀምር ኖሮ ያንን መጋዘን የማገኝ አይመስለኝም፣ ጋሼም ከኔ በፊት ጡረታ ወጥተዋል። ባለፈው ለፋሲካ ደውዬላቸው ነበር፣ በሳቸው ቦታ አዲስ ልጅ እንደገባና የመጋዘኑ ቁልፍ ግን አሁንም እሳቸው ጋ እንደሆነ ነገሩኝ፣ "የመምህር ፋይል የሚፈልግ ከመጣ ይጠሩኛል" አሉኝ። ሰሜን ሸዋ የሰራችሁ ካላችሁ ክረምቱ ሳይገባ ሂዱ፣ መጋዘኑ ጣሪያው ያፈሳል።