ሬክስ ወልደገብርኤል ይግባ!

ሰሞኑን በአብሮ አደጎቼ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ፎቶ ለቀቅኩ። ልጄ እስስቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ እኔ ደግሞ እስስቱን መርፌ ስወጋው። ያነሳችን ባለቤቴ ናት። ከዚያ ወዲያ ግሩፑ ነደደ። አንዱ "ለእስስት ሐኪም ካለ ለሰውማ ስንት ይሆን!" አለ። ሌላው "ለኛ ሲሆን ቢል አለብኝ፣ ለእስስት ሲሆን መርፌ" ብሎ ወጋ አደረገኝ። አንዷማ "ይኼ ነገር ደህና አይደለም፣ ጠበል ግባ" ብላ መከረችኝ። ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ልጄ መጀመሪያ የፈለገው ውሻ ነበር። የምንኖርበት አፓርታማ ግን ውሻ ላለው ሰው በየወሩ ተጨማሪ ኪራይ ያስከፍላል። አዎ፣ እዚህ አገር ውሻም ኪራይ ይከፍላል። ሳጥን ውስጥ የሚኖር ትንሽ እንስሳ ግን በነጻ ይፈቀዳል። ይህን ከውሉ ፈልጎ ያገኘው ልጁ ነው። እዚህ ያደገ ልጅ ውል ያነባል። እኛ ፈርመን ነው የምንገባው። ዓሣ ያመጣል ብዬ ስጠብቅ እስስት አመጣ። ስሙን ሬክስ አለው።

እናቴ በስልክ ስትሰማ "በስመ አብ በል!" አለችኝ፤ አልኩ። እኛ ሰፈር እስስት በድንጋይ ይባረራል እንጂ መብራት ተገዝቶለት ሳሎን አይቀመጥም። የሬክስ ዘሩ ራሱ ላይ ቁንጮ የመሰለ ነገር ያለው ሲሆን፣ አገሩ የመንና ሳውዲ ነው። ስንቱ ወገናችን ባሕር ተሻግሮ ፍዳውን የሚያይበት አገር። እሱ ግን ፍሎሪዳ የተፈለፈለ፣ በትውልዱ አሜሪካዊ ነው። እኔ ዜግነት ለመጠየቅ ግሪን ካርድ ይዤ 5 ዓመት መጠበቅ ነበረብኝ።

ቀለቡ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። አሜሪካ እንደገባን የተከራየናት ክፍል በረሮ የወረራት ነበረች። ከደሞዛችን ላይ እየቀነስን መርዝ እንገዛ ነበር። ዛሬ በረሮ በዶላር ገዝቼ፣ በካርቶን አድርጌ፣ አመሰግናለሁ ብዬ እወጣለሁ። ፌንጣም ይበላል። ፌንጣው ታዲያ ባዶ ሆዱን አይቀርብለትም፤ ቀድሞ ጎመንና ካሮት መብላት አለበት፣ ከዚያ ካልሲየም ዱቄት ይነሰነስበታል። በሁዳዴ እኛ ጎመን፣ ፌንጣውም ጎመን። የሚገድፈው ሬክስ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቆዳው ልምጣ። የምንኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ዴንቨር አጠገብ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከፍታው 1,600 ሜትር ገደማ ነው፣ አየሩ ደረቅ ነው፣ በብርዱ ወራት ሂተር ሲበራ ደግሞ የሰው ከንፈር ይሰነጠቃል። እስስት ቆዳውን እየገፈፈ ነው የሚያድገው። አየሩ እርጥበት ካለው ቁራጭ ቁራጭ እያለ ቶሎ ይረግፍለታል። ደረቅ ሲሆን ግን አሮጌው ቆዳ ጣቶቹና ጅራቱ ጫፍ ላይ ተጠምጥሞ ይቀራል። ይደርቃል፣ ይጠብቃል፣ ደም ይከለክላል። በመጨረሻ ጣቱ ጠቁሮ ሊቆረጥ ይችላል። ልጄ ይህን ስለሚያውቅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ሳያወርድ ውሃ መርጫውን ያነሳ ነበር። በነገራችን ላይ እስስት እንደ ሌላው እንስሳ ከሳህን ውሃ መጠጣት አይሆንለትም፤ ከቅጠል ላይ የሚንጠባጠበውን ነው የሚልሰው። ጌታ ነው።

ትልቁን ጉዳት ያመጣው ግን መብራቱ ነው። ሱቁ "የተሟላ ነው" ብሎ በሸጠልን ዕቃ ውስጥ፣ የሚሞቀው አምፖል በቀጥታ ከላይኛው የሽቦ ወንፊት ላይ ይቀመጣል። እስስት ደግሞ መንጠልጠል ይወዳል። ጣራው ላይ ተገልብጦ ተንጠልጥሎ አምፖሉ ሥር ይሞቃል። ቆዳው እየተቃጠለ እንኳ ቶሎ አይሸሽም። አንድ ቀን ቁንጮው ላይና ጀርባው ላይ ቡናማ ነገር ታየ። ከዚያ ጠቆረ። ከዚያ ቅርፊት ሠራ፣ በቅርፊቱ ሥር ቢጫ ነገር መጣ፣ አገጩ አጠገብም እብጠት ወጣ።

ቤት ውስጥ ምክር አልጠፋም። ባለቤቴ ቅቤ አለች። እናቴ መጀመሪያ አውጥተህ ጣለው፣ ካልጣልከውም ፌጦ አለች። ፈረንጁ ጎረቤታችን ራሱ የሚቀባውን ቅባት ይዞ በር አንኳኳ። ሐኪሟ በኋላ ሁሉንም ከለከለች። ቅቤ በቃጠሎ ላይ ሙቀት ያፍናል። የጎረቤቱ ቅባት ማደንዘዣ ያለበት ነበር፤ ያ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ትንሽ እንስሳ አደገኛ ነው። ለአንዴ እንኳ አበሻና ፈረንጅ እኩል ተሳሳቱ።

ሬክስ ቀን ቀን ዓይኑን መጨፈን ጀመረ። እስስት በቀን ዓይኑን ከጨፈነ ነገር አለ ማለት ነው። ልጁ "ባባ፣ ታሟል" ሲለኝ "ተኝቶ ነው" አልኩት። "እስስት ሕመሙን ይደብቃል፤ ደክሞ ከታየ አውሬ ይበላዋላ" አለኝ። ይህ ጠባይ እኛም ጋ አለ። አልጋ ላይ ወድቀን "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ነው የምንለው።

ስልክ መደወል ጀመርን። ውሻና ድመት ብቻ የሚሉት ይበዛሉ። በመጨረሻ እንዲህ ያሉ እንስሳትን የሚያይ ክሊኒክ ተገኘ። ቅጽ ሞላን። የታካሚው ስም፣ ሬክስ። የባለቤቱ ስም፣ የኔ። በፓስፖርታችን መጨረሻ ላይ የሚመጣው ስም የአያት መሆኑን እናንተ ታውቃላችሁ። እዚህ አገር ደግሞ የመጨረሻው ስም የቤተሰብ ስም ነው። የቤተሰብ ስም ማለት ለሚስት፣ ለልጅ፣ ለድመት፣ ለሁሉም ነው።

አያቴ መሪጌታ ነበሩ። ድጓ ያስተማሩ፣ ተማሪ ከሩቅ ጫማ አውልቆ እጅ የሚነሳላቸው ሰው። በስማቸው የሚምል ጎረቤት ነበር። እኔም ስማቸውን ይዤ ስሄድ በኩራት ነው።

የመጠበቂያው ክፍል በውሻ ተሞልቷል። አንዲት ሰማያዊ የሐኪም ልብስ የለበሰች ልጅ በር ከፍታ ወረቀቷን አየች። ትንሽ አመነታች። ከዚያ በሙሉ ድምጿ "ሬክስ… ወልዲ… ወልዴጌብሪል!" ብላ ጠራች።

ዝም አልኩ። ልጄ በክርኑ ጎሰመኝ። "ሬክስ ወልደጌብሪል?" ደገመችው። ከጥግ ትንሽ ነጭ ውሻ ያቀፈች ሴት ቀና አለች። የኛው ሰው ናት። ስሙን ሰምታ ደንግጣ ነው መሰለኝ "ይቅርታ ወንድሜ፣ ልጅዎን አሞብዎት ነው?" አለችኝ። ልጄ አጠገቤ ጤነኛ ሆኖ ቆሟል። ሌላ የምለው ስላልነበረኝ ሳጥኑን ከፍ አድርጌ አሳየኋት። አጎንብሳ አየች። "እግዚአብሔር ይማረው" አለች። ከዚያ ያየችው ምን እንደሆነ ሲገባት አፏን በእጇ ያዘች።

እኔ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ነገር ሆኛለሁ። ስሜን ለማሳጠር "ዎልዲ" ተብያለሁ። የተማርኩበትን ዲግሪ ማንም ሳያነብልኝ ዕቃ ጭኛለሁ። እንደዚያ ቀን ግን አንገቴን የደፋሁበት ቀን የለም። መሪጌታ ወልደገብርኤል፣ በእስስት ወረፋ። በሚቀጥለው እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ አንድ የማላውቀው ሰው ትከሻዬን ነካ አድርጎ "ሬክስ ተሻለው?" አለኝ። ዜናው ከኛ መኪና ቀድሞ ነው እዚሁ አውሮራ ያለው ሃቫና ጎዳና የደረሰው።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ከመንካቷ በፊት አንድ ወረቀት መጣ፤ ዝቅተኛው ዋጋ፣ ከፍተኛው ዋጋ፣ ፊርማ። በዶላር ስንት እንደሆነ አልናገርም፣ በብር ታሰሉትና ትጣሉኛላችሁ። ከወር የመኪና ክፍያዬ ይበልጣል። እኔ የመንጋጋ ጥርሴ እያመመኝ በአንድ ጎን ነው የማኝከው።

ሥራዋ ግን ሥራ ነው። እንዲህ ያሉ እንስሳት መግላቸው አይፈስም፤ እንደ ደረቀ አይብ ጠጥሮ ይቀመጣል። መጭመቅ፣ መብጣት ብቻ አይበቃም። አደንዝዛ፣ ሰንጥቃ፣ ጠራርጋ አወጣችው። በጥጥ ናሙና ወስዳ ላቦራቶሪ ላከች፤ የትኛው መድኃኒት ተህዋሱን እንደሚገድል ሳይታወቅ በደፈናው መድኃኒት መስጠት አይወደድም። አንዳንዴ ነገሩ ፈንገስ ይሆናል፤ ያ ከሆነ አንቲባዮቲክ አይሠራለትም፣ ሕክምናውም ረጅም ነው። የሬክስ ባክቴሪያ ሆኖ ተገኘ። በውሃ የቀጠነ ክሎርሄክሲዲን ለማጠቢያ፣ 1 በመቶ ሲልቨር ሰልፋዳያዚን የሚባል ቅባት ለቁስሉ፣ በየ72 ሰዓቱ ደግሞ ሴፍታዚዲም የተባለ አንቲባዮቲክ መርፌ።

መርፌውን ማን ይወጋል? እኔ። መድኃኒቱ ተሞልቶ በረዶ ሆኖ ነው የተሰጠን። ስለዚህ ፍሪዘራችን ውስጥ፣ እናቴ በላከችው በርበሬና በንጥር ቅቤው መሃል፣ የእስስት መርፌ ተደረደረ። ባለቤቴ በሦስት ፌስታል ጠቀለለችው። ሰዓቱ ሲደርስ አንዱን አውጥቼ በመዳፌ ጨብጬ አቀልጠዋለሁ። ልጁ ሬክስን በፎጣ ይይዘዋል። የሚወጋው የፊት እጁ ላይ ነው፤ ከኋላ እግር ከተወጋ መድኃኒቱ ሰውነቱን ሳያዳርስ በኩላሊት በኩል ሊያልፍ ይችላል ተብለናል። ክንዱ ከክብሪት እንጨት ብዙም አይወፍርም። ሬክስ አፉን ከፍቶ ያፏጫል፣ ይጠቁራል፣ አንዱ ዓይኑ እኔን ሌላው ልጁን ያያል። የኔ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ የልጁ ግን አይንቀጠቀጥም። ያን ጊዜ ነው የኮራሁበት። ፎቶውም የዚያን ዕለት የተነሳ ነው።

ዳነ። የተቃጠለው ቦታ ግን ቀለም መቀየር አቆመ። ሌላው ገላው ጠዋት አረንጓዴ፣ ሲናደድ ጥቁር ይሆናል፤ ቁንጮው ላይ ያለችው ጠባሳ ሁልጊዜ ያችው ናት። ቀለም የሚቀይረው የተቀመጠበትን ለመምሰል ነው ብለን ያደግነውም ልክ አይደለም። በስሜቱ፣ በሙቀቱና በብርሃኑ ነው የሚቀየረው። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጡት ጥናት፣ በማዳጋስካር እስስት ቆዳ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ሲራራቁና ሲቀራረቡ ነው ቀለሙ የሚለወጠው። ሕመሙን በጠባዩ ይደብቅ ይሆናል እንጂ ቀለሙ ያሳብቅበታል። እኛ አገር "እስስት" ተብለው የሚሰደቡት ሰዎች ግን ስሜታቸውን በመደበቅ እሱን ያስንቁታል።

ይህ ልጅ ጭራሽ "ባባ፣ ባሌ ሐረና ጫካ ውስጥ የትም የሌለ እስስት አለ፣ አይተኸው ታውቃለህ?" ይለኛል። ባሌን በካርታ ነው የማውቀው። አሁን ክረምት ላይ አገር ቤት ስንሄድ ከአያቱ ቤት በፊት ሐረና ካልወሰድከኝ እያለ ነው።

እንግዲህ ዲቪ የምትሞሉ፣ ስሙኝ። "ለእስስት ሐኪም ካለ ለሰው ስንት ይሆን" ያልከኝ ወንድሜ፣ ለሰውም አለ። ኢንሹራንስህ እስከሚከፍለው ድረስ አለ። ለእስስትም ለሰውም መጀመሪያ የሚመጣው ዋጋው ያለበት ወረቀት ነው። ፓስፖርት ስታወጡ መጨረሻ ላይ የሚቀመጠውን ስም ደህና አድርጋችሁ እዩት፤ እዚህ ስትደርሱ መብራት ክፍያውም፣ የፍጥነት ቅጣቱም፣ እስስቱም በሱ ነው የሚጠራው። ልጅ ይዛችሁ የምትመጡ ደግሞ፣ እንስሳ መጠየቁ አይቀርም። እሺ ከማለታችሁ በፊት የእንስሳውን ሳይሆን የሐኪሙን ዋጋ ጠይቁ።

እስስት አስገብታችሁ ከሆነም እነሆ፤ አምፖሉን ከወንፊቱ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት፣ የሚቀመጥበት ቅርንጫፍ ላይ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መሆኑን በቴርሞሜትር ለኩ። እንደ ፀሐይ ጨረር የሚሰጠው የዩቪቢ መብራት እየበራም ጉልበቱ ስለሚያልቅ በጊዜው ቀይሩት። የሚኖርበትን ሳጥን ወጥ ቤት ውስጥ አትጠቡት፤ ሳልሞኔላ ሊኖርበት ይችላል። ባለቤቴ ከመጀመሪያው "ወጥ ቤቴ አይገባም" ስትል "አጉል እምነት ነው" ብሏት የነበረው ልጃችን፣ ሐኪሟ ያንኑ ስትደግመው አንገቱን ነቀነቀ። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ደግሞ ባይነካው ይሻላል።

ትናንት ከክሊኒኩ መልእክት ገባ። የሬክስ ወልደገብርኤል ዓመታዊ ምርመራ ደርሷል፣ ትኩስ ሰገራ ይዛችሁ ኑ ይላል። የኔ ጥርስ የዘንድሮው ኢንሹራንስ ስላለቀ ወደ ጥር ተገፍቷል።