የአራት ሰከንድ ኮምፒውተር

ገበያ ላይ ያሉት የኮምፒውተር ሳጥኖች እንዲያ የሚገዝፉበትን ምክንያት እስከ ዛሬ ያስረዳኝ የለም። ሲከፈቱ ግማሽ አካላቸው ባዶ አየር ነው። ሚኒ አይቲኤክስ የሚባለው ማዘርቦርድ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ፣ ቪያ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ካስተዋወቀው ጀምሮ፣ ወርዱም ቁመቱም 170 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም። ስንዝር ለማይሞላ ነገር ጠረጴዛ ሥር እግሬን የሚጋፋ ቁም ሳጥን የማስቀምጠው በምን ዕዳዬ ነው? ሳጥኑን ራሴ ልሥራው ብዬ ተነሣሁ።

6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔርሳቶ መረጥኩ። «ሳጥኑ 200 በ200 በ160 ሚሊ ሜትር ነው፤ 6.4 ሊትር ማለት ነው» ብዬ ለባለቤቴ ስነግራት፣ «ውኃ ልታጠራቅምበት ነው?» አለችኝ። በዚህ ሙያ የሳጥን ትንሽነት የሚለካው በሊትር እንደሆነ፣ ግማሽ ሊትር ቀነስኩ ብሎ የሚፎክር ሰው እንዳለም ላስረዳት ሞከርኩ። «ጎበዝ» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ይህ ምን ዓይነት «ጎበዝ» እንደሆነ ያገባ ሰው ያውቀዋል።

የልኮቹ አመል ደግሞ ለብቻው ነው። የኋላ መሰኪያዎቹ የሚወጡበት ቀዳዳ 158.75 በ44.45 ሚሊ ሜትር ይላል። ማን ነው በጤናው እንዲህ የሚለካ? ነገሩ ኢንች ነው፤ 6.25 በ1.75 የነበረውን ሚሊ ሜትር አልብሰውት ነው። የካርድ ማስገቢያዎቹ እርስ በርስ በ20.32 ሚሊ ሜትር የሚራራቁትም እንዲሁ 0.8 ኢንች ስለሆነ ነው። በእጅ መጋዝ 158.75 ለመቁረጥ የሞከረ ሰው ይፍረደኝ። እኔ 156 ቆርጬ የቀረውን በሞረድ እየፋቅኩ አሰፋሁት። ቤቱ በእንጨት ብናኝ ስለተሞላ ለጥቂት ቀናት ያላስነጠሰ አልነበረም።

ንድፌ ላይ ሁሉም ነገር ነበረ፤ ኬብል ብቻ አልነበረም። ኬብል ማንም አይሥልም። በፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣና ከበላዩ በተንጠለጠለው፣ ኤሌክትሪክ በሚያከፋፍለው ፓወር ሳፕላይ መካከል ነፋስ ይግባ ብዬ 30 ሚሊ ሜትር ያህል ትቼ ነበር። ባለ 24 ፒኑ ዋና ኬብል መጣና የነፋሱን ርስት ወረሰው። ይህ ኬብል ወደ ግራ ሲገፉት ማራገቢያውን ይነካል፤ ወደ ቀኝ ሲገፉት የጎን ሰሌዳውን ያሳብጣል፤ መሐል ላይ ሲተኛ ደግሞ የተሸነፈ መስሎ አድፍጦ፣ የመጨረሻው ብሎን ሊታሰር ሲል ተፈናጥሮ ክዳኑን ያነሣል። በመጨረሻ እኔ በጉልበቴ ተጭኜ፣ ባለቤቴ በካቻቢቴ እያሰረች ተገጠመ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለች። ተረቱ የተተረተው ብሎን ሳይፈጠር ነው አልኳት።

ከሁሉ የኮራሁት በማብሪያው ነበር። ለመብራት የተሠራ፣ ክብ፣ ከብረት የተቀረጸ፣ ሲጫኑት «ቋ» ብሎ ወደ ውስጥ የሚገባ፣ ሲደግሙት «ቋ» ብሎ የሚወጣ። ትንሿ ልጄ ገና ሳይገጠም ይዛው «ቋ፣ ቋ» ስታደርገው ነው የዋለችው።

የምረቃው ዕለት አማቴም የባለቤቴ ወንድምም ነበሩ። ተጫንኩት። ማራገቢያው ዞረ፣ መብራቱ በራ፣ ቤተሰቡ አጨበጨበ፣ ኮምፒውተሩ ጠፋ። ጭብጨባው ገና አላበቃም ነበር። ደግሜ ስጫነው ዝም አለ። እንደገና ስጫነው ተነሣ፤ ቆየት ብሎ ጠፋ። አንዴ ይሰማል፣ አንዴ ያኮርፋል፤ ሲሰማም ዕድሜው 4 ሰከንድ ነው። ልጄ በዚያ ሰሞን መቁጠር እየተማረች ስለነበር አጠገቤ ተቀምጣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ጠፋ!» ትላለች። ከአራት በላይ ያለውን እንድትማር ኮምፒውተሩ ዕድል አልሰጣትም።

«ምስኪን፣ ትንፋሽ አጥሮት ነው» አሉ አማቴ። «ምን አስጨንቆህ እዚህ ውስጥ አጎርከው ልጄ? ክዳኑን አንሣለት።» በልቤ እኔም የጠረጠርኩት ሙቀትን ነበር፤ ፕሮሰሰር ከመጠን በላይ ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ኮምፒውተሩን ያጠፋዋልና። ችግሩ ትንሽ ሳጥን ውስጥ «እስቲ ልየው» የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። ማቀዝቀዣውን ለመንካት ፓወር ሳፕላዩ መውጣት አለበት፤ እሱ እንዲወጣ ኬብሉ መነቀል አለበት፤ ኬብሉን የሚነቅል ጣት እንዲገባ ደግሞ የጎን ሰሌዳው መፈታት አለበት። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለውን አሮጌ የሙቀት ቅባት ጠርጌ አዲስ ቀባሁ፣ ራሙን (የማስታወሻ ካርዱን) ነቅዬ መልሼ ሰካሁ፣ ሁሉንም በቦታው መለስኩ፣ በጉልበቴ ተጫንኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

ተስፋ ሲያልቅ ዕቃውን በሙሉ አውጥቼ ማዘርቦርዱን በካርቶን ላይ ዘረጋሁት። የማብሪያው ሽቦ የሚሰካባቸውን ሁለት ፒኖች፣ ማለትም የብረት ሹሎች፣ በካቻቢቴ ጫፍ አንዴ ነካ አደረግኳቸው። ተነሣ። ሲሠራ አመሸ። መልሼ ሳጥኑ ውስጥ ስከተው በአራተኛው ሰከንድ ሞተ። ውጭ ጤነኛ፣ ውስጥ ሟች!

«እንጨቱ ኤሌክትሪክ እየሳበ ነው» አለ የባለቤቴ ወንድም።

«ደረቅ እንጨት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም» አልኩት።

«ታዲያ ለምን ይጠፋል?»

ለዚህ መልስ ስላልነበረኝ በእንጨቱ ላይ ተፈረደ። ቅጣቱንም ራሱ ወሰነ፤ ቫርኒሽ። ሁለት ጊዜ ደራርበን ቀባነው፣ አደረቅነው፣ እያብረቀረቀ ጠረጴዛው ላይ ተሰየመ። ተጫንኩት። አምሮበት ሞተ። ማብሪያውን በንዴት ደግሜ ጠቅ አድርጌው ከክፍሉ ወጣሁ።

ነገሩን የፈታችው ልጄ ናት። እንደ ልማዷ እየሮጠች መጥታ «ቋ፣ ቋ» አደረገችና መቁጠር ጀመረች። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት...» ማራገቢያው መዞሩን ቀጠለ። ልጄ አፏን ከፍታ ቆመች፤ ከአራት ቀጥሎ ማን እንደሚመጣ አታውቅም።

ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው። የኮምፒውተር ማብሪያ ዋናውን ኃይል አያቋርጥም፤ ሁለት ፒኖችን አገናኝቶ ለማዘርቦርዱ ምልክት ይሰጣል እንጂ። አጭር ንክኪ «ተነሣ» ማለት ነው። 4 ሰከንድ የቆየ ንክኪ ግን «በግድህ ጥፋ» ማለት ነው፤ ኮምፒውተር ደርቆ እንቢ ሲል ማብሪያውን ተጭነን የምንቆየውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ማብሪያው ጣት ሲለቀው ተመልሶ የሚወጣ ዓይነት መሆን አለበት። የመብራቱ ማብሪያ ግን አንዴ ከገባ ገብቶ ይቀራል። ማዘርቦርዱ ጣቱን የማያነሣ ጌታ እንዳለው አምኖ፣ የታዘዘውን በሰዓቱ ይፈጽም ነበር። ለካ ሲያሠቃየን የከረመው በታዛዥነቱ ነው! ይህን ሁሉ ለቤተሰቡ አስረዳሁ፤ የሰማኝ የለም፤ ልጄን ተሸክመው እየሳሟት ነበር። ማብሪያው ላይ ዓይነቱ አልተጻፈም ነበር፤ ይህንን ዛሬም እላለሁ።

እንደ ደንቡ ትክክለኛውን ማብሪያ ገዝቼ ቀየርኩ። ቀጭን ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ማንንም ደስ አላሰኘም። በማግስቱ ባለቤቴ ሥራ ቦታ ደወለችልኝ።

«አዲሱ ማብሪያ ተበላሽቷል። ገና ሲነሣ ይጠፋል።»

«ስንቴ ተጫንሽው?»

«ሁለቴ ነዋ!»

«አንዴ ብቻ ነው የሚጫኑት።»

«አንዴማ ድሮ ሲሞት ነበር» አለችኝ።

ማስረዳት ጀመርኩ፤ ገና ሲነሣ ደግሞ መጫን እንደገና ማጥፋት እንደሆነ፣ ሁለቴው የሚያስፈልገው ለአሮጌው ማብሪያ እንደነበር። ከጀርባዋ የአማቴ ድምፅ ተሰማኝ፦ «የቀድሞው ምን በደለው? ቋ ሲል እንኳ ደስ ይላል፤ እሱን ይመልስልን በይው።» ወንድሟም እዚያው ኖሮ የቫርኒሹን ውለታ ማንሣት ጀመረ።

ቅዳሜ ከሰዓት አሮጌውን ማብሪያ ለመመለስ ሳጥኑን ፈታሁ። የመጀመሪያው ብሎን ሲላላ ምንም አልሆነም፤ የመጨረሻው ሲላላ ግን ያ ባለ 24 ፒን ኬብል ክዳኑን ይዞ ተነሥቶ አገጬን አለኝ።