ሣሩን ነቅሎ ሲሚንቶ ያፈሰሰላት አባት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሴት ተማሪዎችን ቅርጫት ኳስ አሠለጥናለሁ። ልጆቹ ስለ አሜሪካዊቷ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ኬትሊን ክላርክ ሳያወሩ አይውሉም። ስልካቸው ላይ ያለው ቪዲዮ ሁሉ ከመሀል ሜዳ አካባቢ ወርውራ ስታገባ ነው። እኔ አጥብቄ የምነግራቸው ግን ልጅነቷን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ፣ አዮዋ ግዛት፣ ዴሞይን ከተማ ተወለደች። ገና ትንሽ ልጅ ሳለች መጫወት አማራት። ለዕድሜዋ የሚሆን የሴቶች ቡድን አልተገኘም። አባቷ ቆይ እደጊ አላላትም፤ ከወንዶቹ ጋር አስገባት። ደጃቸው ላይ ሪንግ ነበር፤ ሲሚንቶው ግን ጠባብ ስለሆነ ሦስት ነጥብ ለሚያሰጠው የሩቅ ውርወራ አይበቃም። አባትየው ከጎን ያለውን ሣር ነቅሎ ሲሚንቶ አፈሰሰላት።

«ቲቸር፣ ማታ ማታም ትጫወታለች?» አለችኝ አንዷ። የጠየቀችበት ምክንያት ገብቶኛል። የእኛ ልጆች ከልምምድ የሚቀሩት ሰንፈው አይደለም። ውሃ መቅዳት አለ፣ እንጀራ መጋገር አለ፣ ታናናሾችን መያዝ አለ። ወንድሞቻቸው ኳስ ይዘው ሲወጡ ወዴት ነው የሚላቸው የለም። ይህ ነገር ያንገበግበኛል።

ቪዲዮውን አብረን ስናይ «እጇን ተዉትና እግሯን እዩ» እላቸዋለሁ። ኳሱን እያነጠረች (ድሪብል እያደረገች) ትመጣለች፣ እግሯን ትተክላለች፣ ጉልበቷ አጠፍ ይላል፣ ከዚያ ወደ ላይ ስትነሳ ኳሱም አብሮ ይነሳል። ያን ሁሉ ርቀት የሚወስደው የእግር ኃይል ነው። የእኛዎቹ በሁለት እጅ ከደረታቸው ይገፉታል። ጉልበት ማጠፉን የለመዱ ዕለት ኳሱ ሪንግ መድረስ ይጀምራል።

ሁለተኛ ደረጃ ሳለች በአንድ ጨዋታ 60 ነጥብ አስቆጥራለች። ኮሌጅ ስትመርጥም ርቃ አልሄደችም፤ እዚያው ግዛቷ፣ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ገባች። በየካቲት ወር 2024 እ.ኤ.አ. በሴቶች የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ የነጥብ ክብረ ወሰን የነበረውን የኬልሲ ፕለምን 3,527 ነጥብ አለፈች። ያለፈችውም ከሩቅ በተወረወረ ሦስት ነጥብ ነው፤ በዚያው ጨዋታ 49 አስቆጠረች። ኮሌጁን በ3,951 ነጥብ ጨረሰች። በአገር አቀፉ የኮሌጆች ውድድር ሁለት ጊዜ ፍጻሜ ደርሳ ሁለቱንም ተሸንፋለች። ሆኖም የ2024ቱን የሴቶች ፍጻሜ በቴሌቪዥን ያየው ሰው ከወንዶቹ ፍጻሜ በለጠ። ይህን ስነግራቸው ያጨበጭባሉ።

የምንለማመድበት ሜዳ ቀኝ ጥጉ ተሰነጣጥቋል። ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥራል፤ ልጆቹ በመጥረጊያ እየገፉ ያወጡታል። ኳሱ እዚያ ሲያርፍ ወዴት እንደሚነጥር አይታወቅም። ስለዚህ ከዚያ ጥግ ሦስት ነጥብ የሚሞክር የለም።

ከውጭም ከአዲስ አበባም ለበዓል የምትመጡ ወገኖቻችን ማሊያ ስታመጡልን ደስ ይለናል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዘንድሮ ግን ሲሚንቶና አሸዋ ብታግዙን ይሻለናል። ግንበኛ የሆነ የአንዷ ተማሪ አባት እጄን በነጻ እሰጣለሁ ብሏል። መስመሩን የምንቀባው እኛው ነን።