ደረጃው የማን ነው?

እሁድ ማታ።

ዛሬ ጠዋት የብሎካችን ስብሰባ ነበር፣ ጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ ኮሚናሉ (የጋራ መገልገያው ቤት) ውስጥ። አጀንዳው ሁለት ነው፦ የተበላሸው የውሃ ፓምፕና የደረጃው መብራት። ሰው አልጠፋም። ግን አብዛኞቻችን ተከራዮች ነን። ከባለቤቶቹ አንዱ ሰሚት፣ ሌላዋ አያት፣ ሌላው አሜሪካ ነው። ብዙ አወራን፣ ተስማማንም። መወሰን ግን አንችልም።

ጎተራ ኮንዶሚኒየም ከከተማው ቀደምቶቹ አንዱ ነው፤ ባቡሩ ሳይመጣ የተሠራ። ቦታው ወርቅ ነው። ታክሲውም ባቡሩም ደጃፍ ላይ። ሕንፃው ግን አርጅቷል። የላይኛው ሰው ገላውን ሲታጠብ የታችኛው ኮርኒስ ይረጥባል። ሊፍት የለም፤ እኔ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ነኝ። ውሃ በፈረቃዋ ሌሊት ስትመጣ እኛ ጋ ለመድረስ ግፊት የላትም። ፓምፑ ከቆመ ወዲህ ጄሪካን ተሸክሞ መውጣት ነው፣ ወይም ለሚያወጣ ልጅ መክፈል።

የኮንዶሚኒየም ቤቶችን አዋጅ አንብቤዋለሁ፣ 370/1995ን። ቤቱ የግል፣ ደረጃው፣ ጣሪያውና ግቢው የጋራ። የጋራውን የሚያስተዳድረው ማኅበር አባላት ደግሞ የቤት ባለቤቶቹ ናቸው። ወረቀት ላይ እንከን አይወጣለትም። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ግን ዕጣ የደረሰው ሁሉ ራሱ ይገባበታል ብለው ያሰቡ ይመስለኛል።

አከራዬ ላይ አልፈርድም። ዕጣው ሲወጣላቸው የባንኩ ወርሃዊ ክፍያ ከደመወዛቸው ጋር አልገጥም አለ። ቤቱን አከራይተው እሳቸው ኮልፌ እህታቸው ጋ ገቡ። ስንቱ ዕድለኛ እንዲህ ነው ቤቱን ያተረፈው።

ብቻ የጋራ የሚባለውን ኑሮ የምንኖረው እኛ ነን። ለፋሲካ ኮሚናሉ ጋ በግ ለማረድ ወረፋ የምንይዘው እኛ። ለቅሶ ሲሆን ግቢው ውስጥ ድንኳን የምንተክለው እኛ። ከበላዬ ያለችው ጎረቤቴ ቡና ስትወቅጥ ሙቀጫው ራሴ ላይ ያለ ነው የሚመስለኝ። ደግነቱ ትጠራኛለች።

ከባለቤቶቹ እዚሁ የሚኖሩት ምድር ቤት ያሉት እማማ ናቸው። ክርክሩ ሲረዝምባቸው ተነሡ። «እነሱ እስኪመጡ ጨለማ ላይ ልንሰበር ነው? በሉ ሃያ ሃያ ብር አምጡ!» አሉ። አምፖሉ ከሰዓት በኋላ ተገዝቶ ገባ። ፓምፑ ግን በሃያ ብር አይሠራም። ብናዋጣም ከኪራይ ላይ ይቀነስልን የሚለውን የሚቀበል አከራይ እንጃ። ውል ላይ የለማ።

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ማታ አከራዬ ጋ ደውዬ በስብሰባው ላይ ድምፅ የምሰጥበት ውክልና ይጻፉልኝ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ውክልና?» አሉ። «ቤቴን ልትሸጪብኝ ነው እንዴ፣ ልጄ?»

ይቀልዱ ይሁን የምራቸውን፣ በስልክ አይለይም። ቅዳሜ ኮልፌ ድረስ ሄጄ ቁጭ ብዬ አስረዳቸዋለሁ።