ከተቃጠለ የድራም ሞጁል ወደ ታብሌት፦ የስምንት ወር የልምምድ ማስታወሻ

ጥር ላይ መብራት ጠፍቶ በድንገት ሲመለስ የኤሌክትሮኒክ ድራሜ ሞጁል፣ ማለትም ምቱን ተቀብሎ ድምፅ የሚያወጣው ሳጥን፣ ተቃጠለ። በባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሠፈር፣ ከሦስት ጎረቤቶች ጋር በአንድ ግቢ ስለምኖር በተለመደው ድራም መለማመድ የማይታሰብ ነው፤ ማታ ማታ በኢርፎን የምጫወትበት ይህ ድራም ሲዘጋብኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስቲክ አልጨበጥሁም። ሞጁሉን ከፍቶ ያየው የጥገና ባለሙያ ቦርዱ እንደማይድን ቢነግረኝም፣ ፓዶቹን፣ ማለትም በስቲክ የሚመቱትን ባለ ጎማ ገጾች፣ አንድ በአንድ እየመታ በመልቲሜትር ለክቶ ሁሉም ደኅና መሆናቸውን አሳየኝ። በጎማው ሥር ያለው ነገር ሳንቲም የምታክል ፒዬዞ ብቻ ናት፤ ስትመታ ጥቂት ቮልት ታመነጫለች፣ ሌላ የሚቃጠል ነገር የላትም።

ታብሌት ሞጁልን ሊተካ እንደሚችል ሰምቼ ስለነበር መጀመሪያ የፓዱን ጃክ በቀጥታ ታብሌቱ ላይ የምሰካ መስሎኝ ነበር። እንዲህ አይደለም። ሞጁል የሚሠራው ሁለት ሥራ ነው፦ ምቱን ይሰማል፣ ከዚያም ድምፁን ያወጣል። ታብሌቱ የሚችለው ሁለተኛውን ብቻ ስለሆነ በመካከል የፒዬዞውን ቮልት ወደ ሚዲ፣ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያዎች ወደሚነጋገሩበት ቋንቋ፣ የሚተረጉም መሣሪያ ያስፈልጋል። ከ1983 ጀምሮ የሚሠራበት ሚዲ ድምፅ አይሸከምም፤ የትኛው ቁጥር እንደተመታና ከ1 እስከ 127 ባለው ልክ ምን ያህል በኃይል እንደተመታ ብቻ ይናገራል። በተለመደው አመዳደብ ኪክ (በእግር የሚመታው) 36፣ ስኔር (ዋናው የእጅ ድራም) 38፣ የተዘጋ ሃይ ሃት 42 ነው። ለዚህ ሥራ የተሠሩ መሣሪያዎች በውጭ አገር ቢሸጡም እኔ አርዱይኖ ሊዮናርዶ የተባለውን፣ ኮድ የሚጻፍበት ትንሽ ቦርድ መረጥሁ፤ ቺፑ ራሱ በዩኤስቢ መነጋገር ስለሚችል፣ ከ6.0 ጀምሮ ሚዲን የሚቀበለው አንድሮይድ ያለ ተጨማሪ ሶፍትዌር ያውቀዋል። በየፓዱ አንድ ባለ 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተርና ቮልቱ ከ5 ብዙ እንዳያልፍ የሚገታ ዜነር ዳዮድ በየድኩበት። ቦርዱ ኃይል የሚያገኘው የዩኤስቢ መሣሪያን ከታብሌት ጋር በሚያገናኘው በኦቲጂ ኬብል ከታብሌቱ ስለሆነ፣ ዛሬ መብራት ቢጠፋ ልምምዴ አይቋረጥም።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የወሰደብኝ አንድ ጊዜ የተመታ ፓድ ሁለትና ሦስት ጊዜ መጮሁ ነበር። የፒዬዞው ንዝረት ወዲያው አይረጋም፤ እየወረደና እየወጣ ይቆያል፣ ቦርዱም እያንዳንዱን ሞገድ እንደ አዲስ ምት ይቆጥረዋል። ቦርዱ ምት ብሎ የሚቆጥረውን ዝቅተኛ ልክ ከፍ ሳደርገው ድርብ ምቱ ቀረ፤ ነገር ግን ለስላሳዎቹ የስኔር ምቶች አብረው ጠፉ፣ ይህም ለእኔ ከድርብ ምቱ የባሰ ጉዳት ነው። የሠራልኝ ቦርዱ ላይ የጫንሁት ኮድ ምት ሲያይ 2 ሚሊ ሰከንድ ጠብቆ ከፍተኛውን ንባብ እንዲወስድ፣ ከዚያ በኋላ ለ30 ሚሊ ሰከንድ ያንን ፓድ እንዳይሰማ ማድረግ ነው። ንባቡ ከ0 እስከ 1023 ስለሆነ ለ8 ሲካፈል በሚዲ ልክ ውስጥ ይገባል። ኪኩ ሲመታ በዚያው ብረት ላይ የታሰረው ቶም አብሮ ይጮኽ የነበረውን ደግሞ በማሰሪያው ውስጥ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ በመጠቅለል አስቀረሁት።

መዘግየትን በተመለከተ በብሉቱዝ ኢርፎን ፈጽሞ አትሞክሩ። ስልኬን ከፓዱና ከኢርፎኑ አጠገብ አድርጌ የስቲኩን ኳታና የሚወጣውን ድምፅ አንድ ላይ ቀዳሁና በሞገዱ ላይ ያለውን ርቀት ለካሁ፤ ከ200 ሚሊ ሰከንድ በላይ ነበር። ጭክጭካን በደቂቃ 120 ዋና ምት ብንይዘው እያንዳንዱ ዋና ምት ለሦስት ስለሚከፈል ትንሿ ምት 167 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ናት፤ ስለዚህ ድምፁ የሚደርሰው ቀጣዩን ከመታችሁ በኋላ ነው። ባለ ሽቦ ኢርፎን አድርጌ በታብሌቱ ላይ ድምፁን የሚያወጣውን አፕ የድምፅ ቋት፣ ማለትም ድምፁ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀምበትን መጠን፣ ወደ 256 ናሙና ሳወርደው፣ ይህም በ48,000 ኸርዝ ከ5 ሚሊ ሰከንድ ትንሽ የሚበልጥ ነው፣ ጠቅላላው መዘግየት በዚያው አለካክ ወደ 20 ሚሊ ሰከንድ ወረደ። ድምፅ በአየር በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ይህ ሰባት ሜትር ርቆ የቆመ ከበሮ መቺን እንደመስማት ነው። በ128 ናሙና የእኔ ታብሌት ድምፁን ስለሚቆራርጠው ወደ 256 ተመለስሁ።

ሞጁሉ ተመልሶ ቢሠራ እንኳ ወደ እሱ የማልመለስበት ምክንያት ከበሮ ነው። በአፖቹ ውስጥ የሚገኙት የድራም ድምፆች ጥሩዎች ቢሆኑም የሠርግ ከበሮ አላገኘሁባቸውም። ስለዚህ በግቢያችን የሚኖሩትን እትዬን አስፈቅጄ ከበሯቸውን ለመቅዳት ተነሣሁ። መጀመሪያ ጸጥታ ፍለጋ ማለዳ ወደ ጣና ዳር ወሰድሁት፤ የሐይቁ ነፋስ ማይኩን ስለመታው ቅጂው አልረባም። በኋላ በክፍሌ ግድግዳ ላይ ጋቢዎች ሰቅዬ፣ ቆዳው ቀኑን በመጋቢት ፀሐይ ደርቆ ከተወጠረ በኋላ፣ ሰፊውንም ጠባቡንም ፊት እሳቸው ራሳቸው በእጃቸው እየመቱልኝ ድምፅ ቀድቶ መልሶ በሚያጫውተው በኮአላ ሳምፕለር አፕ ቀዳሁት። እያንዳንዱን ፊት በለስላሳ፣ በመካከለኛና በኃይለኛ ምት ቀድቼ፣ ኮዱ እንደ ምቱ ጥንካሬ ሦስት የተለያዩ የሚዲ ቁጥሮች እንዲልክ አደረግሁ። በዚህም ፓዱን ቀስ ብዬ ስነካው የሚሰማኝ በሩቅ የተመታ ኃይለኛ ምት ሳይሆን እውነተኛው ለስላሳ ምት፣ የጣታቸው ጫፍ ቆዳውን ሲዳስስ የሚሰማው ድምፅ ጭምር ነው።

ባለፈው ሳምንት ኢርፎኑን አድርጌላቸው ጭክጭካ መታሁላቸው። እትዬ ዐይናቸውን ጨፍነው ካዳመጡ በኋላ፣ «ከበሮው የኔ ነው፤ ግን ይኼ የበጋ ድምፁ ነው። ክረምት ቆዳው ሲላላ ያለውንም ያዝለት እንጂ፣ ልጄ» አሉኝ። አሁን ነሐሴ ነው፤ ዛሬም ከቀትር ጀምሮ ዝናቡ አላቋረጠም። በቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ጋብ የሚልበትን ሌሊት እየጠበቅሁ ነው፤ ስድስቱ አዳዲስ ቅጂዎች የሚገቡባቸውን ባዶ ቦታዎችም በአፑ ላይ አዘጋጅቻለሁ።