እስከ ምሳ የሚያዘልቅ ቁርስ

እማዬ ስኳር ካለባት 14 ዓመት ሆኗታል። መርፌዋን፣ ጣቷን ወግታ የምትለካበትን መሣሪያ፣ ፍሪጅ ውስጥ የምታስቀምጣትን ትንሽ የመድኃኒት ሳጥን እያየሁ ነው የኖርኩት። ግን አንድም ቀን ነገሩ ወደ እኔ ሊመጣ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ለሌላ ጉዳይ ሐኪም ቤት ሄጄ ደም ሰጠሁ። በባዶ ሆድ የተለካው ስኳሬ 112 ሆነ። ሐኪሟ ወረቀቱን አየችና "ከ100 በታች ነበር የምንፈልገው። ደጋግሞ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር በሽታ ነው የምንለው። እርስዎ መሃል ላይ ነዎት" አለችኝ። መድኃኒት ትጽፍልኛለች ብዬ ስጠብቅ "ጠዋት ምን ይበላሉ?" ብላ ጠየቀችኝ።

አፍሬ ነው የመለስኩላት። ከቤት የምወጣው 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት ምግብ አይወርድልኝም። ታክሲ ተሰልፌ፣ ቢሮ ደርሼ፣ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ከቢሯችን ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት ሁለት ቦምቦሊኖ በሻይ እበላለሁ። አንዳንድ ቀን ቦምቦሊኖው በፓስቲ ወይም በሳምቡሳ ይቀየራል፣ ሻዩ ግን ሁሌም ይደገማል። 4 ሰዓት ሲሆን እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ሲያናግረኝ እነጫነጫለሁ፣ ስለዚህ ማኪያቶ አዝዛለሁ፤ እሱም ከነስኳሩ። ምሳ ላይ ደግሞ የቀረበልኝን ሁሉ ነበር የምጠርገው። ለስንት ዓመት እንዲህ እንደኖርኩ እንጃ።

መጀመሪያ የቆጠርኩት ስኳሩን ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም አካባቢ ነው፣ ደልደል ያለ ከሆነ፤ ከተቆለለ ይበልጣል። እኔ በብርጭቆ 3 ማንኪያ ነበር የምጨምረው። ሁለት ብርጭቆ ሲሆን 6 ማንኪያ፣ 24 ግራም ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም ባይበልጥ፣ ቢቻል ደግሞ ከ25 ግራም በታች ቢሆን ይላል። እኔ ገና 3 ሰዓት ሳይሞላ 25ቱን ልጨርስ 1 ግራም ነው የሚቀረኝ፤ ቦምቦሊኖው ሳይቆጠር፣ ማኪያቶው ሳይቆጠር።

"ለምን በማር አትቀይሪውም?" ያሉኝ ብዙ ናቸው። ማር ነፍሴ ነው። ግን ለዚህ ጉዳይ ማርም እዚያው ስኳሩ ውስጥ ነው የሚደመረው፤ ጭጭብሳ ላይ የምናፈሰውም ጭምር።

ስኳሩን በአንድ ጊዜ መተው አልቻልኩም። ሞክሬ በሦስተኛው ቀን ተመልሻለሁ። ያዋጣኝ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነሱ መሄድ ነው። ከ3 ወደ ሁለት ተኩል፣ ከዚያ ወደ 2፣ እንዲህ እያልኩ። ምላስ ይለምዳል፣ እመኑኝ ይለምዳል። ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሄል በርከት አድርጎ ማፍላትም በጣም ያግዛል፤ ሻዩ ራሱ ሽታና ጣዕም ሲኖረው የስኳሩ መጉደል ያን ያህል አይታወቅም። ሻይ ቤቷ ጋ ግን ሌላ ችግር ነበር፤ ሻዩ ስኳር ገብቶበት ነው የሚመጣው። "እትዬ፣ የእኔን ስኳሩን ለብቻው ያድርጉልኝ" ስላቸው ደነገጡ፣ "ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?" አሉኝ። አሁን ገና ከበር ሲያዩኝ ባዶውን ይቀዱልኛል። ግማሽ ማንኪያ ላይ ደርሻለሁ። የዱሮውን ሻይ ባለፈው ሰሞን ሰው ቤት ስቀምሰው መጨረስ አቃተኝ።

ስኳሩን እየቀነስኩ ቁርሱን ራሱን ግን አበላሸሁት። መጀመሪያ ያደረግኩት ቁርስ መተው ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በዚያ መንገድ ስለከሳች እኔም እችላለሁ ብዬ ጀመርኩ። ሆድ ባዶ ይጠላል፤ 4 ሰዓት ላይ ሁለት የነበረው ቦምቦሊኖ ሦስት ሆነ። ለሌላ ሰው ይስማማው ይሆናል፣ ለእኔ አልሆነም። ቀጥሎ ሱፐርማርኬት ሄጄ በካርቶን የታሸገ ኮርንፍሌክስ ገዛሁ። ፊቱ ላይ ስንዴ ተስሏል፣ ሯጭ ሴት ተስላለች፣ ዋጋው ደግሞ አይጣል ነው። ቤት ገብቼ በጎኑ የተጻፈውን ሳነብ በ100 ግራም ውስጥ 35 ግራም ስኳር ይላል። ከሲሶ በላይ ማለት ነው! ካርቶኑ ፊት ላይ ያለውን ሥዕል ትታችሁ ጎኑን አንብቡ፤ ይህን ከልቤ ነው የምላችሁ።

እማዬ ጋ እሁድ ስሄድ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና "ልጅ ሆነሽ ቅንጬ አልበላም እያልሽ እኮ ነው ያስለቀስሽኝ" አለችኝ። ከዚያ ተነስታ ገብስ ቅንጬ ጣደች። 25 ደቂቃ ገደማ ፈጀ። ቂቤ አንድ ማንኪያ ብቻ ጠብ አደረገችበት፣ ከጎኑ አንድ የተቀቀለ እንቁላል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ በልቼ 6 ሰዓት ተኩል እስኪሆን ምግብ ትዝ አላለኝም። ያን ቀን ነው የገባኝ። ከዚያ ወዲህ ለማንኛውም ቁርስ የማቀርብለት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ እስከ 6 ሰዓት ያቆየኛል ወይ?

ለምን ቅንጬው እንደሚያቆይና ቦምቦሊኖው ለምን እንደማያቆይ በኋላ ነው የተረዳሁት። ፉርኖ ዱቄት ማለት ስንዴው ልብሱን አውልቆ የቀረው ነጩ ክፍል ነው፤ ፉርሽካው ተለይቶ ለከብት ይሸጣል። ፋይበሩ፣ ሆድ ውስጥ በቀላሉ የማይፈጨው የእህሉ ቃጫ፣ ያለው ደግሞ እዚያ ፉርሽካው ላይ ነው። ያ ሲወጣ የሚቀረው ቶሎ ወደ ስኳርነት ይለወጣል፣ ደም ውስጥ በፍጥነት ይወጣል፣ ከዚያ በፍጥነት ይወርዳል። የእኔ የ4 ሰዓት መንቀጥቀጥና መነጫነጭ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ገብሱ ግን ከነፋይበሩ ስለሚበላ ቀስ ብሎ ነው የሚፈጨው። እንቁላሉ ደግሞ ፕሮቲን ነው፤ አንዱ 6 ግራም ያህል ይይዛል፣ ፕሮቲን ደግሞ ሆድን ያስታግሳል። ፋይበርና ፕሮቲን አንድ ላይ ካሉበት ቁርሱ ያዘልቃል። ይኸው ነው ነገሩ።

በዚህ ዓይን ሳየው ቤታችን ያለው ቁርስ ግማሹ ችግር የለበትም፤ ችግሩ እኛ የምናፈስበት ነገር ነው። ፍርፍርን እንውሰድ። ጤፍ ፍሬው በጣም ትንሽ ስለሆነ ገለባውን ለይቶ ማውጣት አይቻልም፣ ከነሙሉ ነገሩ ነው የሚፈጨው። ስለዚህ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ከነጭ ዳቦ ይሻላል፤ ሩዝ የተቀላቀለበት ከሆነ ግን ያው ወደ ነጩ ይጠጋል። ምግብ ቤት የሚቀርበው ፍርፍር ዘይት ውስጥ የሚዋኝ ነው። ቤት ስሠራው በሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ በብዙ ሽንኩርትና ቲማቲም አደርገዋለሁ፣ ጣዕሙ አልጎደለብኝም። ዘይቱንም ቀይሬያለሁ። በየቤቱ የምንጠቀመው ፓልም ግማሽ ያህሉ ለልብ የማይመከረው፣ የሚረጋው ዓይነት ስብ ነው። ሱፍ ዘይት ሲገኝ እሱን እገዛለሁ፣ ሲወደድብኝ ደግሞ መጠኑን እቀንሳለሁ።

ገንፎም እንደዚያው ነው። የገብስ ገንፎ ጥሩ ቁርስ ነው፣ መሃሉ ላይ የምንቆፍረው የቂቤ ጉድጓድ ነው ትልቁ ነገር። ጭጭብሳን ግን ከሳምንቱ አውጥቼዋለሁ፤ ለበዓልና ለእንግዳ ብቻ። ከፉርኖ ዱቄት፣ ከቂቤና ከማር አንድ ላይ ምን እንጠብቃለን? ይህን ስጽፍ እየከፋኝ ነው፣ በጣም ነው የምወደው።

በሶ ደግሞ ተረስቷል። ፊደል ስንቆጥር "አበበ በሶ በላ" እያልን ያደግን ሰዎች በሶ ቤታችን የለም! 12 ሰዓት ተኩል ላይ ለምትወጣ እንደ እኔ ላለች ሴት ከዚህ የቀለለ ቁርስ አላገኘሁም። ገብሱ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ እሳት አይፈልግም። ሁለት ሦስት ማንኪያ በውኃ በጥብጬ፣ ጨው ቁንጥር አድርጌበት፣ በኮዳ ይዤ ነው የምወጣው። ስኳር የሚያደርጉበት አሉ፤ ያን ካደረጋችሁ ወደ ጀመርንበት ተመለስን። ቢሮ ስደርስ ከእፍኝ ኦቾሎኒ ጋር እጠጣዋለሁ።

ፉል የምወደው ቁርስ ነው። ባቄላ ፋይበርም ፕሮቲንም አንድ ላይ አለው። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ ሲጨመርበት ደግሞ ሙሉ ይሆናል። ሁለት ነገር ብቻ ነው የምጠነቀቀው፦ ከላይ የሚፈሰውን ዘይት "ተውልኝ" እላለሁ፣ ዳቦውን ደግሞ ሁለት የነበረውን አንድ አድርጌያለሁ። እዚያ ላይ ነው የምንሳሳተው፣ ፉሉ ሳያልቅ ዳቦ እንጨምራለን፣ ዳቦው ሳያልቅ ፉል እንጨምራለን።

እንቁላል ተወደደ፣ ይህን የማያውቅ የለም። በየቀኑ መግዛት ስለማልችል ጥራጥሬው ነው ያዳነኝ። እሁድ ማታ ሽምብራና ስንዴ ነክሬ ሰኞ ማታ እቀቅላለሁ፣ ለሁለት ሦስት ቀን ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። የመጀመሪያውን ቀን እማዬ እኔ ቤት አድራ ነበር። ጠዋት ንፍሮ በሳህን ሳቀርብላት ክው አለች፣ "ማን ሞተ?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ንፍሮ ከለቅሶ ጋር ተያይዞብናል። አስረድቻት አብረን በላን፣ ሎሚ ጨምቄበት፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ከትፌበት። አሁን ራሷ ትቀቅላለች።

ሎሚው ለጣዕም ብቻ አይደለም። ጥራጥሬና ጤፍ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በቀላሉ አይወስደውም፣ ሎሚና ቲማቲም ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ግን ያግዘዋል። ሻይ ደግሞ በተቃራኒው ይከለክለዋል። ደም ማነስ ያለባችሁ ሴቶች፣ በተለይ ነፍሰ ጡሮች፣ ሻዩን ከምግቡ ጋር አታድርጉት፣ ከበላችሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጠጡት። እኔም ሻዬን ወደ 3 ሰዓት ተኩል አዛውሬያለሁ።

ጁስም ቀርቶብኛል። ሦስት አራት ፍሬ ተፈጭቶ ስኳር ሲጨመርበት ጤናማ ነው ብዬ ራሴን ሳታልል ኖሬያለሁ። አቮካዶውን በማንኪያ፣ ብርቱካኑን ልጬ፣ ሙዙን አንዱን ብቻ።

ስለ ጾም ሳልናገር ማለፍ አልችልም፣ ምክንያቱም እማዬ እዚያ ላይ ነው የወደቀችው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ካቻምና መርፌዋን ጠዋት ተወግታ ሳትበላ እስከ 9 ሰዓት ስትቆይ ስኳሯ ወርዶ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ተዝለፈለፈች። አጠገቧ የነበሩ እናት የሎሚ ከረሜላ አፏ ውስጥ ባያደርጉላት ምን እንደሚሆን አላውቅም። መርፌ የሚወጋ ወይም የስኳር እንክብል የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ቁርስ መዝለል የለበትም። የንስሐ አባቷ ራሳቸው "ብይና መድኃኒትሽን ውሰጂ፣ ለታመመ ሰው አልተከለከለም" አሏት። እሷ ግን እስካሁን ስትበላ ታለቅሳለች። ስኳር ያለበት ዘመድ ያላችሁ፣ እባካችሁ ከጾሙ በፊት አነጋግሯቸው፣ ከሐኪማቸውም ከንስሐ አባታቸውም ጋር አገናኟቸው። ረመዳን የምትጾሙም ያው ነው ጉዳዩ።

በጾም ቀን የሚበላው ነገር ግን አይቸግርም። ቅንጬ በዘይት፣ ፉል ያለ እርጎና ያለ እንቁላል፣ አቮካዶ በሎሚ፣ ንፍሮ፣ ተልባ። የጾም ነው ተብሎ ቦምቦሊኖና ሳምቡሳ መደርደሩ ነው የሚጎዳን።

ሚያዝያ ላይ ተመልሼ ተመረመርኩ፣ 97 ሆነ። ቁርሱ ብቻ ነው አልልም፣ እስከ ታክሲ ተራው በእግሬ መሄድም ጀምሬያለሁ፣ ማታም ቀለል አድርጌ ነው የምበላው። ግን ሁሉም የጀመረው ከጠዋቱ ነው፤ ጠዋት ጠግቤ ስወጣ ቀኑን ሙሉ የምመርጠው እኔ ነኝ፣ ረሃቡ አይደለም። ቦምቦሊኖም በወር አንዴ ሁለቴ እበላለሁ፣ ከባልደረቦቼ ጋር ቁጭ ብዬ።

ዛሬ ማክሰኞ ማታ ነው። ነገ ጾም ስለሆነ ሽምብራው አሁን ምድጃ ላይ ነው። እማዬ እኔ ጋ ነው ያለችው፣ አሁን ወጥ ቤት ገብታ ክዳኑን ከፍታ አየችና "ጨው እንዳታበዢበት" ብላኝ ልትተኛ ሄደች።